የያዘ ይልቀቅ

ቡሬ ላይ የጥር ሰማይ አይጠረጠርም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ የደመና ቁራጭ ብቅ ቢል እንኳ ሰው ቀና ብሎ ያይና "መንገድ ስቶ ነው" ብሎ ይተወዋል። በዚያን ቀን ጧት በሽንዲ በኩል እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ ነገር ሲታይም፣ በዝግባ ዩኒየን ግቢ ጋሪውን አሰልፎ ከቆመው ገበሬ መካከል ሸራ የፈታ አልነበረም። ሸራ ያለውም ጥቂት ነው።

የመጣው የዘር በቆሎ ነው። የሚበላ እህል ቢሆን ኖሮ ማንም አይጨነቅበትም፤ ቢርስ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ደርቆ ይፈጫል። ዘር ግን ሌላ ነው። አንዴ ውኃ ከቀመሰ በሆዱ የተኛው ነገር ይነቃል፤ የነቃ ዘር ደግሞ ተመልሶ አይተኛም። ስለዚህ ዩኒየኑ ሲረከብ መጀመሪያ ይመዝናል፣ ቀጥሎ እርጥበቱን ይለካል። እርጥበቱ ከልክ ካላለፈ ዘር ብሎ ይቀበለዋል፤ ካለፈ እህል ብሎ ይመልሰዋል። ርክክቡ የሚያበቃውም በዚያው ቀን ነበር።

ናሁሰናይ ደመናውን አላየም። የሚዛን ቤት ከሚሏት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳውን ነገር እንደ አዳኝ ያደባበት ነበር።

የማንኩሳ ልጅ ነው። ሆላንድ ተምሮ፣ እዚያው ሥራ ይዞ ሲኖር ቆይቶ፣ በሚሊኒየሙ ዓመት "እስቲ ልየው" ብሎ መጣ። ሊያይ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ነው የመጣው፤ ዩትሬክት ከተማ የተከራየውን ክፍል አልለቀቀም። እዚያ ያለ ጓደኛው በኢሜይል "ትለቃለህ ወይስ ትመለሳለህ?" እያለ ይጠይቀዋል፤ እሱም "ትንሽ ቆይ" ይለዋል። አገሩ ሲገባ ሰዎች ገና በሩቁ ሊያቅፉት ሲመጡ ደስ ይለዋል፣ ካቀፉት በኋላ ደግሞ ምን እንደሚላቸው ይጠፋዋል። ዩኒየኑ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሲፈልግ "ይህን ልጨርስና እወስናለሁ" ብሎ ገባ። ይኸው አንድ መኸር አለፈ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ከሚዛን ቤቱ ደጃፍ መሬት ላይ የተነጠፈው የብረት ሚዛን ከውጭ የመጣው ገና ዩኒየኑ ሲቋቋም ነው። አብራው አንዲት የፕሮግራም ቁራጭ መጥታለች፤ ባለሙያዎች ኮም ኮምፖነንት የሚሉት ዓይነት። ሚዛኑ የሚሰማው የእሷን ቃል ብቻ ነው። ማን እንደ ጻፋት የሚያውቅ የለም፤ የተጻፈችበት ኮድም የትም አይገኝም። ከውጭ የሚታየው በሯ ብቻ ነው፦ በምን ስም ሲጠሯት አቤት እንደምትል፣ ምን ሲሰጧት ምን እንደምትመልስ። ሆዷን ያየ የለም።

ናሁሰናይ የጻፈው አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ዶትኔት በሚባለው አዲስ ሥርዓት ነው። እዚያ የሚያድር ኮድ የሚተዳደር ኮድ ይባላል፤ ሞግዚት አለው። ዕቃ አንስቶ የትም ቢጥል ሞግዚቷ በራሷ ሰዓት መጥታ ትለቅምለታለች። አሮጌዋ ይህን ወግ አታውቅም። ስለዚህ ሁለቱን ለማነጋገር ናሁሰናይ በመካከላቸው ወኪል አቆመ፤ መመዘን ባስፈለገ ቁጥር አዲሱ ፕሮግራም አንድ ወኪል ይልካል፣ ወኪሉ ወደ አሮጌዋ ገብቶ ይጠይቃል፣ መልሷን ያደርሳል።

የኔታ ወልደ ዮሐንስ ይህን የሰሙ ዕለት ጥርሳቸው እስኪታይ ስቀው ነበር። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ገበሬዎቹ ለርክክቡ እማኝ አድርገው መርጠዋቸው ከሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ።

"እንግዲያማ ለጋብቻ ሽማግሌ ልከሃላ!" አሉት።

"እንደዚያ በሉት፣ የኔታ።"

"መላክስ ማንም ይልካል። ጭንቁ ሽማግሌው እዚያው በልቶ ጠጥቶ የቀረ እንደሆነ ነው።"

ሁሉም ሳቀ። ናሁሰናይም ሳቀ፣ ረሳውም።

አዲሱ ፕሮግራም ግን አንድ አመል አመጣ። ጧት ሲከፍቱት እንደ ሰጋር በቅሎ ይሄዳል፤ ረፋድ ላይ ግን ድንገት ቀጥ ይላል። አይሳሳት፣ አይናገር፣ ዝም ብሎ ይቆማል። መዛኙ ያረጋል ይህን ሲያይ "እግዚኦ" ይልና ሶኬቱን ነቅሎ ይሰካል። ኮምፒውተሩ ሲያቃስት ቆይቶ ይነሳል፣ ሚዛኑ ከጋሪ ጸድቶ ዜሮ ይገባል፣ ሥራውም እንደገና ይቀጥላል። ያረጋል በዚህ አይማረርም። ናሁሰናይን ግን ያንገበግበዋል፤ ቤቱ ሲሞክረው እንዲህ አላደረገምና። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንዳወቅም ነገ ከባሕር ዳር እንግዶች እንደሚመጡና ፕሮግራሙ በእነሱ ፊት እንዲቆም እንደማይፈልጉ ነግረውታል።

ናሁሰናይ ጧት ወደ ግቢው ሲገባ አክስቱን ከሰልፉ መካከል አያት።

አቻምየለሽ የእናቱ ታላቅ እህት ናት፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በማንኩሳ ዘር አባዢዎች ማኅበር ውስጥ ያለች ብቸኛ ሴት ነበረች። የዘር በቆሎ አድካሚ ነው፤ ሴቴው ላይ የሚወጣውን የወንዴ አበባ ጧት ጧት በጤዛ እየገቡ መንቀል አለ። አንድ ያመለጠ እንደሆነ የማሳው ዘር ይበላሻል። እሷ አንድም አላመለጣትም። የማኅበሩ ሕግ ግን ጥብቅ ነው፦ ዘሩ አንድ ዓመት እንኳ "እህል" ተብሎ የተመለሰበት ከማኅበሩ ይወጣል። የወጣ ሰው ደግሞ በዘር ማሳዎች መካከል ተራ በቆሎ መዝራት አይችልም። አቻምየለሽ መሬቷ ከመካከል ነው። ከወጣች ማሳዋን ለሌላ አባል በእኩል ሰጥታ፣ ሰው ሲያርሰው ከዳር ቆማ ማየት ነው።

ናሁሰናይ ይህን ያውቃል። ያውቃልና ጠጋ አለ።

"እታለም፣ ወደ ፊት ይምጡ። እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"አሟቸዋል ብዬ።"

"ኧረ የጊዮርጊስ ያለህ! ይህን ሁሉ መንገድ ፈረስ እየጎተትሁ መጥቼ ታማለች ልታስብለኝ?" ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋችው። "ሂድ ሥራህን ሥራ። ተራዬን እጠብቃለሁ።"

ከፊቷ የቆመው ላቀው የእሷው ማኅበር አባል ነው፤ ሳይቀልድ መዋል አይሆንለትም። ይህንን ሰምቶ ዞር አለ። "የኢንጂነር አክስት ሰልፍ ትይዛለች እንዴ? በቆሎው ራሱ ወርዶ ሄዶ ይመዘን እንጂ!"

"ያንተ በቆሎስ ሄዶ አይመዘንም፣ ነቀዙ ተሸክሞት ካልሄደ" አለችው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ናሁሰናይም እፎይ ብሎ ገባ።

አሁን ከሚዛን ቤቱ መስኮት ሆኖ ሥራውን ያያል። አንድ ጋሪ ብረቱ ላይ ይወጣል፣ ፈረሱ ይፈታል። ያረጋል "መዝን" የሚለውን ይጫናል፤ ቁጥሩ ይመጣል። ገበሬው አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ ያያል፣ ከዚያ "ይደገም" ይላል። ያረጋል እንደገና ይጫናል። ያን ጊዜ የኔታ ከበርጩማቸው ተነስተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ቁጥሩን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ገበሬው "ተቀበልሁ" ይላል። አዛውንት የሆነ እንደሆነ ደግሞ ያረጋል ለአክብሮት "ይኸው አባቴ፣ እርስዎም ይዩት" ብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ይጫንለታል።

ናሁሰናይን ይህ ነገር መጀመሪያ አናዶት ነበር። "የኔታ፣ ሚዛኑ አይዋሽም እኮ። አንዴ ከመዘነ መዘነ ነው" ብሏቸው ነበር።

"ሚዛኑን ማን ጠረጠረ?"

"ታዲያ ለምን ይደገማል?"

"አንዴ ያየ ዓይን ነው፤ ደግሞ ያየ እማኝ ነው" አሉት። ይህን ብለው በርጩማቸው ላይ ተመቻቹ፣ ነገሩም በዚሁ አለቀ። የጎጃም ገበሬ እህሉን ያለ እማኝ አያስመዝንም፤ እማኝ ባለበት የተመዘነ ደግሞ ዳኛ ዘንድ አይሄድም። ናሁሰናይ ልጅ ሆኖ ይህን ያውቅ ነበር። ዩትሬክት ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚያስታውሰው ስላልነበረ፣ ረስቶት መጣ።

ረፋዱ ላይ የላቀው ጋሪ ሚዛኑ ላይ ወጣ። የሚዛኑ ብረት ላይ ብቻ ቆርቆሮ ጣራ አለ። ከጣራው ወዲያ የአቻምየለሽ ጋሪ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌሎቹ ሜዳ ላይ ናቸው።

ያረጋል ተጫነ። ቁጥሩ መጣ።

"ይደገም" አለ ላቀው። "ያለ የኔታ የተመዘነ ሐሜት እንጂ በቆሎ አይባልም።"

ያረጋል ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ።

"ኢንጂነር፣ መጣልህ" አለ።

ናሁሰናይ ወንበሩን ስቦ ቀረበ። ልቡ ደስ አለው፤ በኋላ ራሱን የታዘበው በዚያች ደስታ ነው። ሲጠብቀው የነበረው አውሬ ከእጁ ገብቶ ቆሟል። ያረጋል እጁን ወደ ሶኬቱ ሲሰድ ያዘው።

"አትንካው!"

"አጥፍቼ ላስነሳዋ።"

"ካጠፋኸው የቆመበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል። ሕይወት እያለው ልየው። ትንሽ ብቻ።"

"ሰዉ እኮ ቆሟል።"

"ትንሽ ብቻ አልሁህ፣ አያ ያረጋል!"

ያረጋል እጁን ሰበሰበ። በመስኮት ወደ ውጭ አየና "ሰማዩ ምነው?" አለ።

ናሁሰናይ የፕሮግራሙን ሆድ ከፍቶ ገብቷል። አንድ ሰው በዚህ ሁኔታ ሲሠራ ያየ ያውቀዋል፤ ጠሪ ሲጠራው "አቤት" ይላል እንጂ አይሰማም። አዲሱ ፕሮግራም አልሞተም። ቆሞ እየጠበቀ ነው። ማንን ነው የሚጠብቀው? ወኪሉን። ወኪሉስ? ከአሮጌዋ በር ላይ ነው። ለምን አትከፍትለትም?

ከውጭ የላቀው ድምፅ መጣ፦ "ኧረ ያረጋል! ሚዛኑ ላይ ልታሳድረኝ ነው? ለሚስቴ ንገሩልኝ፣ ራት ትላክልኝ!"

"ኢንጂነሩ እያዩት ነው!"

"እሳቸው እያዩት ከሆነማ ዓመት ሊሞላን ነው!"

ቆርቆሮው ላይ አንዲት ጠብታ ኳ አለች። ናሁሰናይ ሰማት። ከመስኮቱ ባሻገር አክስቱ ቀና ብላ ሰማዩን ስታይ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ በጆንያዎቹ ላይ ስትዘረጋ አየ። ነጠላ ለስንቱ ይበቃል? ያን ጊዜ ሶኬቱን መንቀል ይችል ነበር። የላቀው ጋሪ ሊወርድ፣ የእሷ ከጣራው ሥር ሊገባ ይችል ነበር። ቢያንስ "ላቀው፣ ውረድና እሷ ትግባ" ማለት ይችል ነበር፤ ይህ ፕሮግራም አያሻውም። እጁ ግን ከፊደሎቹ ላይ አልተነሳም። ልደርስበት ነው፣ ልይዘው ነው፣ ይል ነበር በልቡ። አሁን ከለቀቅሁት ነገም እዚሁ ነኝ።

ደረሰበትም። በአሮጌዋ ቤት ስንት ወኪል እንደ ተቀመጠ የሚያሳየውን ሲከፍት ዓይኑን ማመን አቃተው። ከጧት ጀምሮ የተላኩት ሁሉ አሉ። አንድም የወጣ የለም። መልሱን አድርሰዋል፣ እነሱ ግን እዚያው ቀርተዋል።

የኔታ ስለ ሽማግሌው ቀልደው ያሉት ነገር ነበር። አሮጌዋ የመጣ እንግዳ ሁሉ "ለቅቄያለሁ፣ በቃኝ" ብሎ እስኪነሳ ድረስ እንደያዛት ትቆጥራለች፤ ሂድ ማለት ነውር ነው እሷ ዘንድ። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ሞግዚቷን አምኖ፣ የላከውን አይመልስም፤ መጥታ ትሰበስብልኛለች ይላል። ሞግዚቷ ግን የምትመጣው የራሷ ቤት ሲቆሽሽ ነው። ወኪሎቹ በእሷ በኩል እፍኝ የማይሞሉ ናቸው፤ በአሮጌዋ በኩል ግን እያንዳንዳቸው መደብ ይዘዋል። መደቡ ሞላ፣ አዲስ የመጣው በር ላይ ቆመ። ቤቱ ሲሞክረው ያልታየውም ለዚህ ነው። እሱ አንዱን ጭነት አንድ ጊዜ ነበር የሚመዝነው። "ይደገም" የሚል ሰው፣ እማኝ የሚጠራ ሰው፣ "እርስዎም ይዩት አባቴ" የሚል ሰው እዚያ አልነበረም።

የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነበር። ወኪሉ መልሱን እንዳደረሰ፣ ልቀቅ።

"አገኘሁት!" ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ ዝናቡ ለቀቀው።

የጥር ዝናብ ሲመጣ እንደ ክረምቱ አያንዣብብም፤ የተጣላ ሰው በር ሰብሮ እንደሚገባ ነው። ቆርቆሮው ይጮህ ጀመር፣ ከውጭ ሰውና ፈረስ ይንጫጫል። ናሁሰናይ ከወንበሩ ተነስቶ ሲወጣ ላቀው ጋሪውን ወደ አንድ ጠርዝ እየገፋ ነበር። "ነይ ግቢ! አቻምየለሽ፣ ነይ በዚህ ግቢ!" እያለ ይጮሃል፤ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል። ጣራው ሁለት ጋሪ አይበቃም። የእሷ ጋሪ ከፊቱ ገባ፣ ከኋላው ሜዳ ላይ ቀረ። ሌሎች ሸራ ያላቸው ሸራቸውን፣ የሌላቸው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ነው። እሷ ከጆንያዎቹ ላይ ተኝታ፣ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ የምትችለውን ያህል ትሸፍናለች።

ዝናቡ ሳይቆይ አባርቶ ሄደ። ወዲያው ፀሐይ ሆነ። ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳ ጀመር፤ ከጆንያዎቹም።

ናሁሰናይ ያችን መስመር ጻፈ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ፣ ሚዛኑ ዜሮ ገባ። ላቀው ተመዘነ፤ ተደገመ፤ የኔታ አነበቡ፤ እርጥበቱ ተለካ፤ ዘር ሆነ። ፕሮግራሙ አልተንተባተበም። ያረጋል በመገረም "አሁንስ እንደ ውኃ ፈሰሰ" አለና፣ የተናገረውን ሰምቶ ከንፈሩን ነከሰ።

አቻምየለሽ ቀጠለች። ጋሪዋ ሲመዘን ቀና ብላ አላየችም። ናሁሰናይ የእርጥበት መለኪያውን ይዞ ራሱ ወጣ፤ ይህ መለኪያ በዚያው በሠራው ወኪል በኩል ነው የሚናገረው። ከላይኛው ጆንያ እፍኝ ተወሰደ። በቆሎው ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ አብጧል። ፍሬው ከመለኪያው ገባ። ናሁሰናይ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ቁጥሩን አየ። ከልክ አልፏል። እጅግ አልፏል።

ያረጋል ከጎኑ ቆሞ እሱም አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ኢንጂነር፣ መለኪያው ራሱ ዝናብ ገብቶበት ይሆናል።"

ናሁሰናይ ከመዳፉ የቀረውን እርጥብ ፍሬ አገላበጠ።

"በእጅ እንሙላዋ። አንተው የሠራሃት ሳጥን አለች አይደል? መለኪያው ሲበላሽ በእጅ የምትሞላ።"

አለች። ትንሽ ነጭ ሳጥን ናት። መለኪያው የቆመ እንደሆነ ሥራ እንዳይቆም ብሎ ራሱ ነው የሠራት። ሁለት ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። ማንም አይጠይቅም፤ ጋሪው ወደ መጋዘን ይገባል፤ አክስቱ ወደ ማሳዋ ትመለሳለች። ደግሞስ የማን ጥፋት ነው? እሷ ፍሬውን አድርቃ ነው ያመጣችው። ያረጠበው እሱ ነው። ያረጠበ ሰው ቢያደርቅ ምን ነውር አለው? እንዲህ አሰበ፣ እጁም ወደ ሳጥኗ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታየው፦ ያበጠው ፍሬ ከሌላው ዘር ጋር ተደባልቆ በግንቦት አዴት ወይም ሌላ አገር የሆነ ሰው ሲዘራው፣ ሰውየው መስመሩን እያየ ሲቆም፣ ያልበቀለው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያየው። የዚያን ሰው ፊት አያውቀውም። የእሷን ፊት ግን ያውቀዋል።

"ይደገም" አለች አቻምየለሽ ከውጭ።

የኔታ ከበርጩማቸው ሊነሱ ሲሉ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። ከነጠላዋ አሁንም ውኃ ይንጠባጠባል።

"እርስዎ ይቀመጡ፣ የኔታ። አይቀየሙኝ። የዛሬው እማኜ ይኸ ልጅ ነው።"

የኔታ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ናሁሰናይ ወጥቶ ከደጃፉ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ያረጋል እንደገና ይጫናል፤ ወኪሉ ሄደ፣ ጠየቀ፣ መለሰ፣ ለቀቀ። ቁጥሩ ያው ነው። ናሁሰናይ አክስቱን አያት። ምን ብላ ነው የጠራችው? እውነቱን ይናገር ብላ ነው፣ ወይስ ያድነኛል ብላ? ፊቷ ላይ ፈለገ። ሕፃን ሆኖ ሲያጠፋና ስትጠብቀው የሚያውቀው ፊት ነው፤ ያን ጊዜም መናዘዙን ትጠብቅ እንደሆነ ወይም መሸሹን፣ አውቆ አያውቅም ነበር።

ቁጥሩን አነበበ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ። "አልተሰማም" አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ ክፋት ሳይኖረው። ደግሞ፣ ከፍ አድርጎ፣ አነበበ።

"እህል ነው" አለ።

"ተቀበልሁ" አለች።

ከዚያም ማንንም ሳትጠብቅ ፈረሷን ልታስገባ ወደ ጋሪው ዞረች። ላቀው ሮጦ ልጓሙን ያዘላት። "እኔ እኮ ቀልዴን ነው ጧት..." ሲል "እሱን ተወው፣ ልጓሙን አስተካክል" አለችው። ናሁሰናይ ተከትሏት ሄደ። ቃላቱን ከሆላንድ እስከ ማንኩሳ ፈለጋቸው።

"እታለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለአቶ ወንዳወቅ እነግራለሁ። ማኅበሩንም እጠይቃለሁ። እኔ አጥፍቼ ባስነሳው ኖሮ፣ እርስዎ ከጣራው ሥር..."

"ዝናቡን አንተ አላመጣኸውም።"

"ያቆምኋችሁ እኔ ነኝ።"

የማኅበሩ ሕግ ዝናብ የጣለውንና ሰው ያቆመውን አይለይም፤ ይህን እሷም እሱም ያውቃሉ። በሰኔ ከማሳዋ ዳር ቆማ የሰው በሬ ሲያርሰው ታያለች፤ ምናልባት የላቀው በሬ።

የጆንያውን አፍ ደጋግማ አጠበቀች። ከዚያ ቀና አለች።

"ያ ያስቸገረህ ነገር፣ ለቀቀ?"

"ለቀቀ።"

"ሁለተኛ አይዝም?"

"አይዝም፣ እታለም።"

"እሰይ።" ፈረሱን በእጇ መታ መታ አደረገችው፣ ጋሪው ግን አልተንቀሳቀሰም። ፈረሱ አንገቱን አስግጎ ቆመ። እሷ ወደ ናሁሰናይ እጅ አየች።

"እንግዲያ እኔንም ልቀቀኝ፣ ልጄ። ሳይመሽ ማንኩሳ ልግባ።"

የጋሪውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ እንደቆመ ያየው ያን ጊዜ ነው።